ከውጭ የሚቆለፍ በር

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ዙበይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከቦርከና ወንዝ ዳር ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በአፊያ ያግኝዎ። አላህ በሰው አገር ያለን ሰው የሚጠብቅበትን ጥበቃ አይንሳዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ ስናወራ መልሴ የሚያጥረው አኩርፌ እንዳይመስልዎ። ኩታበር ስሄድ አጎቴ ሱሌማን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላችን ያስቀምጠዋል። ኮምቦልቻም አንዲት ክፍል ለአራት ነው የተከራየነው። እርስዎም የሚያወሩት እመቤትዎ እየሰማች ነው። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልልክልዎ አሰብኩ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉልኝ።

የእህቴ የፈትሂያ የአርባ ሶደቃ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሰዉ በልቶ ዱዓ አድርጎ ከተበተነ በኋላ አጎቴ ወደ ጓሮ ጠራኝ። "ኩኩ ያለ እናት ቀረች" አለኝ። "አባቷ ሙዓዊያ ደግሞ ወንድ ነው፤ ነገ ያገባል። የእህትሽን ልጅ የማታውቃት ሴት ታሳድጋት?" ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። እሱም ቀጠለ። "ሰው የሚመኘው ባል ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ አለው፣ አይቅም፣ አይጠጣም፣ ሰላቱን አያሳልፍም። አንቺም ሃያ አራት ሞላሽ። ፋብሪካ ውስጥ ልታረጂ ነው?"

እህቴ ምን ሆና እንደሞተች ጠየቅኩት። "ቀኗ ደረሰ" አለኝና የቆመበትን አፈር በከዘራው ይቆፍር ጀመር።

አክስቴ፣ እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ። መስመራችን ላይ የሸሚዝ ክሳድ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ አለቃዬም ሲቸግረው "ሸሪፋን ጥሯት" ይላል። ይህን ለአጎቴ ብነግረው ምን እንደሚለኝ ያውቁታል። ምን ልበለው?

ልጅዎ ሸሪፋ


ኩዌት፣ ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሸሪፋ፣

ወዐለይኪ ሰላም። ያባትሽን ቀብር ኑር ይሙላው፤ አንቺን ደግሞ በምድር ላይ አያንገላታሽ። የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ወንድሜ ከሞት የተነሳ መሰለኝ። "ሸ"ን እንደሱ አጉብጠሽ ነው የምትጽፊያት።

እኔ በሰው ወጥ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ያሳለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ትዳር ምክር ለመስጠት የምበቃ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የእህትሽን ሞት ሦስት ዓይነት አድርገው ነው የነገሩኝ። ሱሌማን "ቀኗ ደረሰ" አለኝ። ሚስቱ "ፅንስ ነበረባት መሰለኝ" አለችኝ። ሙዓዊያ ራሱ "ድንገት ነው፣ እኔ ለዕቃ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር" አለና ስልኩን ዘጋው። ሰው ግን አንድ ሞት ነው የሚሞተው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። እሺ ሳትይ በፊት ያጠበቻትን ሴት ፈልጊ። ጀናዛ ያጠበች ሴት ባልም ወንድምም ያላየውን አይታለች። ለሱሌማን "ላስብበት" በይው። ማሰብ ሀራም አይደለም።

አክስትሽ ዙበይዳ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ የእጅዎን ሥራ ይባርክልዎ። ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ። የምጽፍልዎን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ፈርቼ ነው።

ያጠበቻትን ሴት አገኘኋት። ደሴ፣ ከሙዓዊያ ቤት በታች ያለ ሰፈር የምትኖር ባልቴት ናት። መጀመሪያ "ኸይር ናት፣ ፊቷ ብርሃን ነበር" ብላ ልትሸኘኝ ነበር። እጇን ይዤ "እህቷ ነኝ" አልኳት። አለቀሰች። "ብዙ ደም ፈስሷት ነበር" አለችኝ። "እሱስ የሴት ዕጣ ነው። እጆቿ ናቸው የገረሙኝ። መዳፏ አብጦ ጠቁሯል። ጥፍሮቿ ተሰብረዋል።" ከዚያ አፏን በሻሿ ያዘች። "የታጠበን ሰው ገበና ማውራት ሀራም ነው። ሂጂ ልጄ። ከኔ አልሰማሽም።"

በማግስቱ ኩታበር ሄድኩ። አጎቴ ቤት ያስቀመጧትን ኩኩን አየኋት። አክስቴ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ ልጅ እናቷ ከሞተች ወዲህ አትናገርም። ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው። በር በተዘጋ ቁጥር ልብሷ ላይ ትሸናለች። የአጎቴ ሚስት ትመታታለች። እኔን ስታየኝ ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ፊቷን ቀበረች፤ እስክሄድ ድረስ አልወጣችም። ስሄድ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁልኝ።

እሺ ብያለሁ።

ለሙዓዊያ ብዬ አይደለም፤ ለአጎቴም አይደለም። አባቷ ኩኩን ለኔ ለብቻዬ አይሰጠኝም፤ ላላገባች ሴት ልጅ ማን ይሰጣል? ወደሷ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ሆነብኝ። ኒካሑ ለጥር ተቆርጧል። በዱዓዎ አይርሱኝ።

ሸሪፋ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አሥር ጊዜ ጀምሬ አሥር ጊዜ ቀደድኩት። "አታድርጊው" ብዬሽ ኩኩ እዚያ ብትቀር ምን እላለሁ? "አድርጊው" ብዬሽ ደግሞ እነዚያ እጆች ሕልሜ ውስጥ ይመጣሉ።

ሱሌማን ደውሎ ነበር፤ ደስታው ልክ የለውም። የቤቱን ጣሪያ ሙዓዊያ አዲስ ቆርቆሮ አለበሰለት አሉ። መብሩክ አልኩት። ምን ልበለው?

እሺ ካልሽ አይቀር እንዲህ አድርጊ። ኒካሑ ላይ ምስክሮቹ ፊት "ሥራዬን አልተውም" ብለሽ በአፍሽ ተናገሪ። ቃዲው ይስማው። አጎትሽ ቢቆጣም ይቆጣ። ሁለተኛ፣ ከጎረቤት ሴት ጋር ቶሎ ተዋወቂ። ለባልሽ ዘመድ ያልሆነች ትሁን። ሴት በሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታውቀው ጎረቤቷን ነው፤ እኔ ይህን ተምሬ ያወቅኩት በብዙ ዋጋ ነው።

አላህ የገባሽበትን ቤት መውጫ ያለው ያድርግልሽ።

ዙበይዳ


ደሴ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለደከሙ እግሮችዎም ዕረፍት ይሁን። ይህ የሚደርስዎ ከማያውቁት ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጎረቤቴ የትህትና ነው። ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ወንድምአገኘሁ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል። በቧንቧው በኩል የቆርቆሮ አጥራችን ክፍተት አለው። ወረቀቱን አሾልክላታለሁ፣ እሷ ፎቶ አንስታ ትልከዋለች። የእርስዎን ሲልኩ ደግሞ ልብስ ሳጥብ ቀስ ብላ ታነብልኛለች። ስልኬ ተበላሸ። ሙዓዊያ ሊያሠራው ወሰደው፤ አልተመለሰም።

ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። እውነቱን ልናገር፤ አይመታኝም፣ አይሰድበኝም። ኩኩ ከኔ ጋር ትተኛለች። ሁለት ቃል ተናግራለች፤ "ውሃ" እና "ነይ"።

ኒካሑ ላይ እንዳሉኝ ተናገርኩ። ሙዓዊያ ፈገግ ብሎ "ምን ችግር አለው?" አለ፤ ሰዉ ሁሉ ወደደው። በሳምንቱ የፋብሪካ ባጄን ከቦርሳዬ አጣሁት። ስጠይቀው "መልሼላቸዋለሁ። በዚህ ብርድ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ስትወርጂ ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

የፈትሂያን ልብሶች አልሰጠም ነበር። ቁም ሣጥኑ እንዳለ ነው። "አዲስ ምን ያስፈልጋል? ልክሽ ነው" አለኝ። ልኬ ነው። አንዳንዴም በስሟ ይጠራኛል። መጀመሪያ ተሳስቶ መስሎኝ "ሸሪፋ ነኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና እንደገና በስሟ ጠራኝ።

ሱቅ ሲሄድ የግቢውን የብረት በር ከውጭ ይቆልፈዋል። ለሌባ ነው ይላል።

ሸሪፋ


ኩዌት፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሸሪፋ፣

አላህ ዓይኑን ካንቺ ላይ አያንሳ። ለትህትናም ሰላም በይልኝ፤ ወላሂ እንደ ልጄ ቆጥሬያታለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እዚህ እንደመጣሁ የገባሁበት ቤት እመቤት ስትወጣ ትቆልፍብኝ ነበር። "ላንቺው ደህንነት ነው" ትለኛለች። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ጋዝ ሸተተኝ። መስኮቱ ፍርግርግ ነው። ያን ቀን አፌን ፍርግርጉ ላይ ለጥፌ ነው የዋልኩት። አመሻሽ ላይ ስትመጣ ጋዙን ዘጋችና "ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ አይደል?" አለችኝ። ደህና ነበርኩ እኮ። የሚያስፈራው እሱ ነው። ሰው ተቆልፎበት ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ የቆለፈው ሰው ልክ የሠራ ይመስለዋል።

ሌባን የሚፈራ ሰው ለሚስቱ ትርፍ ቁልፍ ይሰጣታል። ጠይቂው። የሚመልስልሽን ጻፊልኝ።

ዙበይዳ


ደሴ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ዙበይዳ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጥሩ ሁኔታ ላይ እገኛለሁ። ባለቤቴ የሚያስፈልገኝን ሁሉ አሟልቶልኛል። በአላህ ፈቃድም ነፍሰ ጡር መሆኔን ሳበስርዎ በታላቅ ደስታ ነው። ከእንግዲህ በጎረቤት ስልክ መልእክት እንዳይልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ጎረቤት ወሬ ታበዛለች። የሚጻፍ ነገር ካለ ይህ የባለቤቴ ቁጥር ስለሆነ በዚሁ ይላኩልን።

አክባሪዎ
የኩኩ እናት


ኩዌት፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን በትህትና ስልክ ነው የምልከው። በባልሽ ስልክ ደግሞ "መብሩክ፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ" ብዬ መልሻለሁ፤ እሱ እንዳይጠራጠር።

ለሦስት ወር ተኩል ቃልሽን ጠብቄ፣ ስልኩ ጮኸ ብዬ በደስታ ከፈትኩት። ጽሕፈቱ ያንቺ ነው። "ሸ" የምትባል ፊደል ግን የትም አልነበረችም፤ ስምሽ ራሱ አልነበረም። "ክብርት ወይዘሮ" ብለሽኝም አታውቂም።

እርጉዝ ነሽ ወይ? እውነት ነው? ስንት ወርሽ ነው? ሐኪም አይቶሻል? ቁልፉንስ ጠየቅሽው? ሌላውን ሁሉ ተይው፣ እነዚህን ብቻ መልሺልኝ። እየጠበቅኩ ነው። ስልኩን ሊጥ ሳቦካ እንኳ ከወገቤ አላወርደውም።

ዙበይዳ


ደሴ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አላህ ያቆይልኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፤ ለጁምዓ ወጥቷል።

ያን ደብዳቤ እሱ ነው ቃል በቃል የነገረኝ። አጥሩን ደግሞ ደፍኖት ነበር። ወንድምአገኘሁ ከወዲያ በኩል አንዱን ምስማር አላልቶልናል፤ ቆርቆሮው ሲገፉት ይከፈታል።

አዎ፣ እርጉዝ ነኝ፤ አምስተኛ ወሬ ነው። አንዴ ወስዶ አሳይቶኛል። ሐኪሟ የእንግዴ ልጁ ወደታች ወርዷል፣ ደም ካየሽ አንዲት ደቂቃ ሳታቆዪ ነይ አለችኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። ስንመለስ መንገድ ላይ "ቁልፍ ስጠኝ፣ ሰምተሃል አይደል?" አልኩት። "አላህ ያለው ነው የሚሆነው" አለኝ።

አሁን የምነግርዎን ተቀምጠው ያንብቡት።

ኩኩ መናገር ጀምራለች። ትናንት ከሰዓት በሩ ጋ ተቀምጠን ጎመን ስቀነጥስ፣ ተነስታ ሄዳ በትንንሽ እጆቿ ብረቱን ትደበድብ ጀመር። "ምን እየሆንሽ ነው?" አልኳት። "እማ እንዲህ አደረገች" አለችኝ። "ክፈቱልኝ፣ ክፈቱልኝ አለች። ከዚያ እዚህ ተኛች።" ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። "እኔም አጠገቧ ተኛሁ። አባዬ ሲመጣ በሩ አልከፈት አለው፤ እማ ከበሩ ስር ነበረች።"

ትህትናን ጠየቅኳት። ያኔ ገና አልተከራዩም ነበር፤ ግቢው ባዶ ነበር። ማንም አልሰማትም።

ሸሪፋ


ኩዌት፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

አሁኑኑ ውጪ። ሰላምታ የለኝም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በሩ የተከፈተ ቀን ኩኩን አዝለሽ ውጪ። ልብስ አትያዢ። ለሱሌማን እደውላለሁ፤ እንዲቀበልሽ አደርገዋለሁ፤ ወንድሜ ነው፣ ሥጋው ነሽ።

ለትህትና ለብቻዋ ጽፌያለሁ። እኔም እመቤቴን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ፓስፖርቴ እሷ ዘንድ ነው፤ "ከበጋው በኋላ" ትላለች። ደግሜ እጠይቃታለሁ።

ዙበይዳ


ደሴ፣ ሆስፒታል፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ልጁ ግን አልኖረም። ወንድ ነበር።

ከስር ከመሠረቱ ልንገርዎ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሰኞው፣ ውሃ ሊያስገባ በሩን ሲከፍት ኩኩን ይዤ ወጣሁ። ኩታበር ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። አጎቴ ቡና አስፈላልኝ፣ አረፍ በይ አለኝ፣ ወጣ ብሎም ደወለለት። ከሰዓት በኋላ ሙዓዊያ መጣ። አጎቴ በገዛ እጁ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። "ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ቤት አትወጣም። ታላቅሽም እንዲህ ብላ መጥታ ነበር፤ መክሬ መለስኳት" አለኝ።

አክስቴ፣ መክሬ መለስኳት ነው ያለኝ። ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንደ ጥሩ ሥራ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ መስጊድ ሲሄድም ይቆልፍ ነበር። መስከረም ሲገባ ለዕቃ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለመንኩት። እግሩ ስር ነው የተቀመጥኩት። "ሁለት ቀን ነው" አለኝ፤ ዘይትና ዱቄት ገዝቶ አስገባ፤ ቆለፈው።

በማግስቱ ከዙህር ሰላት በኋላ ደሙ መጣ። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ትህትናን ጠራኋት፤ ቤት አልነበረችም፤ የባሏ ማሽን ደግሞ ይጮኻል። ወደ በሩ ሄድኩ። ልመታው እጄን አነሳሁና ኩኩን አየኋት። ግድግዳውን ተጠግታ ቆማ ታየኛለች፤ ቀሚሷ ረጥቧል። እጄን አወረድኩ። ያንን እንድታይ አልፈለግኩም። "ኩኩዬ፣ በቆርቆሮው ሹልክ በይ፤ ለጋሽ ወንድምአገኘሁ እማ ደማች በይው" አልኳት። በዚያ ክፍተት አዋቂ አያልፍም። እሷ አለፈች።

ከዚያ የማስታውሰው የብረት መቁረጫውን ድምፅ ነው። ፍንጣሪው በበሩ ስር ገብቶ እግሬ አጠገብ ይወድቅ ነበር። በጋሪ ነው እስከ አስፋልቱ ያደረሱኝ፤ ከዚያ ባጃጅ። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አለና አልጨረሰውም። ትህትና ደሟን ሰጠችኝ።

ኩኩ እነሱ ቤት ናት። ሙዓዊያ ትናንት መጥቶ ነበር፤ ብርቱካን ይዞ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና "በሩን ማን ነው የቆረጠው?" አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው።

ሸሪፋ


ኩዌት፣ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸሪፋ፣

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁን የጀነት ወፍ ያድርገው እላለሁ፤ አንቺ ስለተረፍሽ ግን ሺህ ጊዜ ነው የምሰግደው።

ሱሌማን ዘንድ ደወልኩ። ፈትሂያ መጥታ እንደነበር ሲነግርሽ አፍሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። "በምን አፍራለሁ? ትዳር አዳንኩ" አለኝ። ከዚህ ወዲያ ወንድም የለኝም አልኩት። ሽማግሌ ሊሰበሰብ ነው አሉ። ምን እንደሚሉሽ አውቃለሁ። ሳትጮኺ ተናገሪ፤ የምትጮህ ሴት ሲያዩ መስማት ያቆማሉ።

ዙበይዳ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ዙበይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ፓስፖርትዎን ወደ እጅዎ፣ እርስዎንም ወደኛ ይመልስዎ። የዘገየሁት ነገሩ እስኪያልቅ ብዬ ነው። አላለቀም፤ ግን ልጻፍልዎ።

ሽማግሌዎቹ ኩታበር አጎቴ ቤት ተቀመጡ። ሼህ ሸረፈዲን መሃል ነበሩ። ሙዓዊያ ነጭ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አንደኛው ሽማግሌ "ሰው ቤቱን ቢቆልፍ ምን ወንጀል አለው? ሌባ በበዛበት ዘመን" አሉ። ሌላው "ሕፃኑን የወሰደው አላህ ነው፤ ሌላ ይሰጣችኋል" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ትመለሻለሽ ወይ?"

"እመለሳለሁ" አልኩ። አጎቴ ትንፋሹን ለቀቀ። "አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የግቢው በር ከማጠፊያው ይነቀል።"

ሳቁ። ሼህ ሸረፈዲን አልሳቁም። "ሙዓዊያ፣ ወርቅ አልጠየቀችህም፣ ቤት አልጠየቀችህም። ትነቅለዋለህ?" አሉት።

"በር የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው?"

"ዘበኛ ትቀጥራለህ።"

"ዘበኛ የውጭ ሰው ነው የሚከለክለው፣ ሼህ።" ይህን ሲል ድምፁ ያው ነው፤ ዝግ ያለ። "ክፍት ከሆነ ትቀመጣለች ብለው ነው? ፈትሂያም እኮ ክፍት ሲሆን ነው ወደዚህ የመጣችው። ከዚያ ነው መቆለፍ የጀመርኩት።"

"የሞተች ቀን ተቆልፎ ነበር?"

"ነበር" አለ። ምን ክፋት እንዳለው ያልገባው ሰው ነው የሚመስለው።

አጎቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሼሁ "ፍታት" አሉት። "ልጅቷም ከሷ ጋር ትሂድ። አክስት በእናት ቦታ ናት።" እዚያው ፈታኝ። ክስ ልመሠርት ብዬ ነበር። አጎቴ ሸንጎ ላይ የተባለው እዚያው ይቀራል፣ ምስክር አልሆንም አለኝ። ሽማግሌዎቹም እንደሱ። ያጠበቻት ባልቴትም እንዲሁ።

ፋብሪካው መልሶ ቀጥሮኛል፤ ከታች ጀምሪ ብለው። ኩኩ የፋብሪካው ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት ቤት ትውላለች። በር አይዘጉባትም፤ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ጽፌ እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ባለፈው ሳምንት ትህትና ደወለችልኝ። ሙዓዊያ አዲስ በር እያስገጠመ ነው። ለወንድምአገኘሁ አልሰጠውም፤ ከሌላ ሰፈር በያጅ አመጣ። ቦሩ ሜዳ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል።

እሁድ ኩኩን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ረውዳ ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። እናቷ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግን ሳህኑን አነሳችው። "የተፈታች ሴት ወሬ ነው። ቅናት ነው። ሁለት እህትማማቾች ያላወቁበትን ቤት ልጄ ታውቅበታለች" አለችኝ። ስለ እህቴ እጆች ነገርኳት። ስለ ደሙ ነገርኳት። "ቀኗ ደርሶ ነው" አለችኝ፤ ልክ እንደ አጎቴ።

ረውዳ እስከ መንገዱ ልትሸኘኝ ወጣች። ከደጁ ራቅ ስንል "አንቺስ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም" አለችኝ።

"እኔ እየጠየቅኩሽ ነው።"

ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። "ቀን ተቆርጧል" አለችኝ። "ከብት ተገዝቷል።"

የትህትናን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ልሰጣት ስል እጄን መለሰችው። "ወረቀት ያገኙብኛል። በቃሌ ልያዘው" አለችኝ። መንገድ ዳር ቆመን ቁጥሩን ነገርኳት። እሷም ኩኩም አብረው ደገሙት፤ ኩኩ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ሚኒባሱ መጣና ገባን።

ሲነሳ በመስኮቱ አየኋት። ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር፤ ከንፈሯ ገና እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ሸሪፋ